ተራ ላሜራን በሂት ትሪትመንት 690 ሜጋፓስካል ማድረስ ይቻላል? ታፍነሱስ ምን ይሆናል?

የዲዛይን ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የማሽን ዲዛይን ላይ ነው የምሠራው። ስለ ብረት ያለኝ እውቀት ግን ከመማሪያ ክፍል ብዙም አላለፈም። አንድ ነገር ገጥሞኛልና ብረቱን በደንብ የምታውቁ እርዱኝ።

የምንሠራው ዕቃ የሚያነሳ የማሽን ክንድ ነው። ከ20 ሚሊ ሜትር ላሜራ ተቆርጦ፣ ተበይዶ ሳጥን ይሆናል። ውጭ ነው የሚሠራው፣ ብርዱ ደግሞ ከዜሮ በታች እስከ 20 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ጭነቱ ሁልጊዜ ቀስ ብሎ አይመጣም፣ አንዳንዴ በድንገት ይመታዋል። ስዕሉ ላይ የተጻፈው ኤስ690ኪውኤል ነው፣ ማለትም በቋሚነት መታጠፍ የሚጀምረው 690 ሜጋፓስካል ላይ የሆነ ላሜራ። እጃችን ላይ ያለው ግን ተራው ላሜራ ኤስ355ጄ2 ብቻ ነው።

አንዱ ባልደረባዬ "900 ዲግሪ አድርሰን ውሃ ውስጥ ብንከተው 690 ምን አላት፣ እንዲያውም ያልፋል" ይላል። ሌላው "መጠንከሩስ ይጠነክራል፣ ግን እንደ ሸክላ ይሰበርብሃል" ይላል። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። እኔ መሃል ቆሜያለሁ።

የምጠይቀው እንግዲህ እንዲህ ነው። በራሳችን ምድጃ 690 ሜጋፓስካል ማድረስ ይቻላል ወይ? ቢቻልስ ታፍነሱ፣ ማለትም ሳይሰበር ጉልበት የመዋጥ አቅሙ፣ ምን ይሆናል? ሌላም አለ። ክንዱ በሙሉ ጭነት ጊዜ ከምንፈልገው በላይ ይጎብጣል። ብረቱ ሲጠነክር ጉብጠቱም ይቀንሳል ብዬ ተስፋ አድርጌአለሁ፣ ልክ ነኝ? እና ይሄ ሁሉ ከተደረገ በኋላ መበየዱስ?

ሞረድ፦

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ባልደረባህ መሠረቱን አልሳተም። ብረት ቀልቶ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ይሄ የታወቀ ነው። እኛ ፒኖችንና የመቁረጫ ምላጮችን ሁሌም እንደዚህ ነው የምንሠራው። ማግኔት መሳቡን እስኪያቆም ታግለዋለህ፣ ከዚያ ትንሽ ጨምረህ ትነክረዋለህ። መጠንከሩን በሞረድ ነው የምታየው፤ ሞረዱ ሳይነክስ ከተንሸራተተ ሆኗል ማለት ነው። ከዚያ መልሰህ ትንሽ ታሞቀዋለህ፣ ገለባ መሳይ ቀለም ሲያወጣ ታቆማለህ።

ለላሜራ አድርጌው አላውቅም። ግን ከተራፊው ቁረጥና ሞክረው፣ ምን ይጎዳሃል?

ምድጃ ዳር፦

ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ። የሂት ትሪትመንት ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው፣ ላሜራም ብዙ አልፎብኛል።

መጀመሪያ ብረቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን እንይ። ተራ ላሜራ ውስጥ ያለው ካርቦን 0.2 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው። ብረቱ በክፍል ሙቀት ላይ ሲሆን ያ ካርቦን ማደሪያ ቦታ የለውም። ፌራይት የሚባለው የብረት ክሪስታል 0.02 በመቶ ያህል ካርቦን ቢይዝ ነው፣ ያውም ሲሞቅ። ስለዚህ የተረፈው ካርቦን ከብረት ጋር ተዋህዶ ካርባይድ ሆኖ ለብቻው ይቀመጣል። ብረቱን ከ727 ዲግሪ በላይ ስታሞቀው ክሪስታሉ ቅርጹን መለወጥ ይጀምራል፣ ኦስቴናይት ይሆናል፣ ኦስቴናይት ደግሞ ካርቦኑን ሁሉ አሟሙቶ ይይዛል። አሁን ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝ ካርቦኑ ጊዜ አግኝቶ ይወጣል፣ ያው የነበረው ላሜራ ተመልሶ ይመጣል። በድንገት ከቀዘቀዘ ግን ካርቦኑ መውጫ ያጣል። ክሪስታሉ በካርቦኑ ተወጥሮ፣ ተዛብቶ ይቀራል። ማርቴንሳይት የምንለው ይሄ ነው። ጠንካራ የሚሆነውም የክሪስታሉ ንብርብሮች አንዱ በሌላው ላይ እንዳይንሸራተቱ ስለሚታገዱ ነው።

ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ብረት ሲመታ የማይሰበረው መንሸራተት ስለሚችል ነው። ስንጥቅ ጫፍ ላይ ያለው ብረት ትንሽ ሲለጠጥ ጉልበቱን ይውጠዋል፣ የስንጥቁ ጫፍም ይደነዝዛል። መንሸራተቱን ሙሉ በሙሉ ካገድከው ስንጥቁ የሚያቆመው አጥቶ ይሮጣል። ስለዚህ ጥንካሬና ታፍነስ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል።

ቴምፐሪንግ የሚያስታርቃቸው እዚህ ላይ ነው። የተነከረውን ብረት መልሰህ ስታሞቀው የታፈነው ካርቦን በጣም ጥቃቅን ካርባይድ ሆኖ ይወጣል፣ ውጥረቱም ይረግባል። ጥንካሬ ትከፍላለህ፣ ታፍነስ ትገዛለህ። ምን ያህል እንደምትከፍል ከተራ ላሜራ ይልቅ 4140 በሚባለው ቅይጥ ብረት ላይ በደንብ ይታያል። ዘይት ውስጥ ተነክሮ 200 ዲግሪ አካባቢ ቴምፐር ሲደረግ የመሳብ ጥንካሬው 1700 ሜጋፓስካልን ያልፋል፣ ግን ከመበጠሱ በፊት የሚለጠጠው 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። 650 ዲግሪ ላይ ብታደርገው ጥንካሬው ወደ 800 አካባቢ ይወርዳል፣ የሚለጠጠው ግን 20 በመቶ ይደርሳል። ያው አንድ ብረት ነው። የተቀየረው የቴምፐር ሙቀቱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ። ኤስ690ኪውኤል ፋብሪካ ውስጥ ተነክሮ፣ ከዚያ 600 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከፍ ባለ ሙቀት ቴምፐር ተደርጎ የሚመጣ ላሜራ ነው። ያን ያህል ቴምፐር ተደርጎም 690 የሚቀረው በውስጡ ማንጋኒዝ፣ ክሮሚየም፣ ሞሊብዲነም፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ከ0.005 በመቶ የማይበልጥ ቦሮን ስላለው ነው። ቁጥሯ ትንሽ ናት፣ ሥራዋ ግን ትልቅ ነው። እነዚህ ብረቱን በጣም አያደርቁትም። የሚሠሩት የማርቴንሳይቱን ጊዜ ማራዘም ነው፣ ማለትም የላሜራው መሃል ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝም እንኳ ማርቴንሳይት እንዲሆን ያደርጋሉ። ኤስ355ጄ2 እነዚህ የሉትም፣ ያለው በዋናነት ማንጋኒዝ ነው። 20 ሚሊ ሜትር ላሜራ ውሃ ውስጥ ስትከተው ቆዳው ይጠነክራል፣ መሃሉ ግን የቤይናይትና (ከማርቴንሳይት የለሰለሰ ነው) የፌራይት ድብልቅ ሆኖ ይቀራል። ሞረድ የሚነግርህ ቆዳውን ብቻ ነው።

ከዚያ ቴምፐር ስታደርገው ደግሞ ያገኘኸው ጥንካሬ ቶሎ ይፈርሳል። ሞሊብዲነምና ቫናዲየም ያለው ብረት ቴምፐር ሲደረግ ይቋቋማል፣ ያንተ አይቋቋምም። ስለዚህ ከባድ ቴምፐር ካደረግክ 690 ላይ አትቆይም፣ ቀላል ካደረግክ ደግሞ ታፍነሱን አታውቀውም።

ሞረድ ወንድሜ፣ የማግኔቱ ዘዴ ለምላጭ ብረት ይሠራል፣ ለዚህ ግን አይበቃም። ብረት ማግኔትነቱን የሚያጣው 770 ዲግሪ ላይ ነው። 0.2 በመቶ ካርቦን ያለው ላሜራ ሙሉ በሙሉ ኦስቴናይት የሚሆነው ግን 850 አካባቢ ሲደርስ ነው። ማግኔቱ እንዳቆመ ብትነክረው ግማሹ ለስላሳ ፌራይት ሆኖ ይቀራል። በሌላ በኩል "እንዲያስተማምነኝ" ብለህ 1100 ብታደርሰው ቅንጣቶቹ፣ ማለትም ብረቱ የተገነባባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች፣ ያድጋሉ፣ ታፍነሱም ይወድቃል። የቅንጣት መጠን ነገር ትልቅ ነገር ነው። ጥንካሬንም ታፍነስንም አንድ ላይ ከፍ የሚያደርገው ዋናው መንገድ ቅንጣትን ማሳነስ ነው፣ ሌሎቹ መንገዶች ባብዛኛው አንዱን ሰጥተው ሌላውን ይወስዳሉ። ኖርማላይዚንግ የሚባለው፣ ማለትም 900 ዲግሪ አካባቢ አድርሶ በነፋስ ማቀዝቀዝ፣ ጥንካሬውን ብዙም ሳይነካ ታፍነስ የሚጨምረው በዚህ ነው።

የመጨረሻው ደግሞ የላሜራው ቅርጽ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ላሜራው በሮለሮች መሃል ተይዞ ከላይም ከታችም እኩል ውሃ በኃይል ይረጭበታል። አንተ ጋን ውስጥ ስትከተው ላዩ ላይ የእንፋሎት ሽፋን ይይዛል፣ አንዱ ቦታ ቶሎ አንዱ ቦታ ዘግይቶ ይቀዘቅዛል፣ ላሜራው ይጣመማል። የተጣመመ ጠንካራ ላሜራ ማቅናት ደግሞ ሌላ መከራ ነው።

ባጭሩ አታድርገው እልሃለሁ።

ቻርፒ፦

የምድጃ ዳርን ሐሳብ እደግፋለሁ። ከፍተሻው ወገን የምለው አለኝ፣ ምክንያቱም ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምውለው፣ ሰዎች በሃርድነስ ቁጥር ሲታለሉም ብዙ ጊዜ አያለሁ።

ሃርድነስ፣ ማለትም የብረቱ ላይ ሲጫኑት ላለመሰርጎድ ያለው አቅም፣ ጥንካሬን ይገምትልሃል። ብሪኔል በሚባለው የሃርድነስ መለኪያ ያገኘኸውን ቁጥር በ3.4 ገደማ ብታባዛው የመሳብ ጥንካሬውን በሜጋፓስካል ቀረብ አድርጎ ይሰጥሃል። ስለ ታፍነስ ግን ምንም አይነግርህም። ሁለት ላሜራ እኩል 260 ብሪኔል ሊያሳዩ ይችላሉ፤ አንዱ በብርድ ሲመታ ይታጠፋል፣ አንዱ ለሁለት ይሄዳል። ልዩነቱን የምታየው ስትሰብረው ብቻ ነው።

ለዚህ ነው የቻርፒ ፍተሻ ያለው። 10 በ10 በ55 ሚሊ ሜትር የሆነ ናሙና ይቆረጣል፣ መሃሉ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው የቪ ቅርጽ ቆረጣ ይወጣለታል፣ በሚፈለገው ሙቀት ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ የሚወዛወዝ መዶሻ ይመታዋል። መዶሻው ያጣው ጉልበት በጁል ይነበባል። ሦስት ናሙና ነው የሚሰበረው፣ አማካዩ ይወሰዳል። የአንተ ኤስ355ጄ2 ሲመረት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 27 ጁል እንዲሰጥ ተደርጎ ነው። ጄ2 የሚለው ምልክት ይሄን ነው የሚናገረው። ኤስ690ኪውኤል ደግሞ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ በርዝመቱ አቅጣጫ 30 ጁል ይጠበቅበታል።

አስተውል እንግዲህ፣ እጅህ ላይ ያለው ላሜራ ብርዱን በተመለከተ የምትፈልገው ዋስትና አሁኑኑ አለው። ምድጃ ውስጥ ባስገባኸው ቅጽበት ያ ዋስትና ይጠፋል። ሰርተፊኬቱ የሚናገረው ከፋብሪካ ስለወጣው ብረት ነው፣ አንተ ስላሞቅከው ብረት አይደለም። በማንሻ ማሽን ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ከሥሩ ሰው ይቆማል።

ሙቀቱ ለምን እንዲህ ወሳኝ ሆነ የሚል ካለ፣ ተራ ብረት ሲቀዘቅዝ ባሕርዩ ቀስ በቀስ ብቻ አይደለም የሚቀየረው። አንድ የሙቀት ክልል አለ፣ ከዚያ በላይ እየተለጠጠ ይቀደዳል፣ ከዚያ በታች ሳይለጠጥ ይሰነጠቃል። በመሳብ ፍተሻ ይሄ አይታይህም፣ እንዲያውም ብረት ሲቀዘቅዝ የመሳብ ጥንካሬው ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በጥር 1943 ስኬነክተዲ የተባለች አዲስ የነዳጅ ጫኝ መርከብ አሜሪካ ፖርትላንድ ወደብ ላይ እንደቆመች፣ ማዕበል በሌለበት ውሃ ላይ፣ ለሁለት ተሰነጠቀች። በዚያ ዘመን ሌሎች በብየዳ የተሠሩ መርከቦችም እንዲሁ ተሰንጥቀዋል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም። የብየዳ እንከን ነበር፣ ውጥረት የሚሰበስቡ ማዕዘኖች ነበሩ፣ በብርድ ጊዜ ስንጥቅ የማያስቆም ብረት ነበር። የቻርፒ ፍተሻ የላሜራ መቀበያ መስፈርት እየሆነ የመጣው ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርመራ ነው።

ሂት ትሪትመንት የማይነካው ነገርም አለ። ብረቱ ውስጥ ያለው ድኝና ፎስፎረስ ብዙ ከሆነ በምድጃ አታወጣውም። ድኙ ከማንጋኒዝ ጋር ሆኖ በሮለር ሲዳመጥ እንደ ክር ይረዝማል፣ ላሜራው ወደ ጎን ሲሳብ በዚያ መስመር ይከፈታል። ለዚህ ነው የርዝመትና የጎን አቅጣጫ የቻርፒ ውጤት የሚለያየው። ሰርተፊኬት ስታነብ ናሙናው በየትኛው አቅጣጫ እንደተቆረጠ እይ።

በያጁ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ብየዳውን በተመለከተ እኔ ልናገር።

ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ላሜራውን ነክራችሁ ከዚያ ነው የምትበይዱት ወይስ በይዳችሁ ከዚያ ሳጥኑን ነው የምትነክሩት? ሁለቱም አይሆንም። ከነከራችሁ በኋላ ብትበይዱ ከብየዳው ዳር ያለው ብረት እንደገና ይሞቃል፣ የሠራችሁት ሁሉ በዚያ መስመር ይፈርሳል። አንዱ ቦታ እንደገና ይነከራል፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው ከሚገባው በላይ ቴምፐር ሆኖ ይለሰልሳል። ተበይዶ ያለቀ ሳጥን መንከር ደግሞ አታስቡት፣ ይጣመማል፣ ማዕዘኑ ላይ ይሰነጠቃል።

ኤስ690ኪውኤል ራሱ እንኳ ሲበየድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዋናው ነገር ከብየዳው ዳር ያለው ብረት ከ800 ወደ 500 ዲግሪ የሚወርድበት ጊዜ ነው። በጣም ከፈጠነ ዳሩ ይደርቃል፣ ሃይድሮጅን ካለ ይሰነጥቀዋል። በጣም ከዘገየ ይለሰልሳል፣ ቅንጣቱም ያድጋል፣ ታፍነሱ ይወርዳል። ስለዚህ ወፍራም ብየዳ በአንድ ጊዜ ከመሙላት በቀጫጭኑ ደራርቦ መሥራት ይሻላል። ቀድሞ ማሞቂያው ስንት ዲግሪ እንደሆነ ከካርቦን ኢኩቫለንት ይሰላል፤ ካርቦኑን ትይዛለህ፣ ማንጋኒዙን ለ6፣ ክሮሚየም፣ ሞሊብዲነምና ቫናዲየሙን ደምረህ ለ5፣ ኒኬልና መዳቡን ደምረህ ለ15 አካፍለህ ትጨምራለህ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን፣ ላሜራው በወፈረ መጠን፣ ማሞቁ ይጨምራል። ኤሌክትሮዱ ደረቅ ይሁን፣ እርጥበት የያዘ ኤሌክትሮድ በእንደዚህ ያለ ብረት ላይ ጠላት ነው። የሃይድሮጅን ስንጥቅ ደግሞ በያጁ ዕቃውን ሰብስቦ ከሄደ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ የመጨረሻው ፍተሻ ከ48 ሰዓት በኋላ ይደረግ።

የተነከረ ላሜራ በጋዝ እሳት ማቅናትም ይቅር። ቀይ እስኪሆን ካሞቅኸው እዚያ ቦታ ላይ ኤስ690 የሚባል ነገር የለም። ውጥረት ለማርገብ ምድጃ የሚገባ ከሆነም ሙቀቱ ፋብሪካው ቴምፐር ካደረገበት ሙቀት ቢያንስ 30 ዲግሪ በታች መሆን አለበት። ከዚያ ካለፈ አንተ ራስህ እንደገና ቴምፐር እያደረግከው ነው ማለት ነው።

የዲዛይን ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። ምድጃው ነገር ቀረ፣ ለባልደረቦቼም አሳያቸዋለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። የጉብጠቱን ነገር ማንም አልነካልኝም። ሌላው ለእውቀት ያህል ነው፤ 200 ዲግሪ ላይ ጥንካሬ ካለ፣ 650 ላይ ታፍነስ ካለ፣ መሃሉን 350 ወይም 400 ላይ ብናደርገው ከሁለቱም የተመጣጠነ አናገኝም?

ምድጃ ዳር፦

ጉብጠቱ አይቀንስም። ብረት ዪልድ፣ ማለትም በቋሚነት መታጠፍ የሚጀምርበትን ውጥረት፣ ሳያልፍ ምን ያህል እንደሚጎብጥ የሚወስነው የኢላስቲክ ሞዱለሱ ነው፣ እሱ ደግሞ 210 ጊጋፓስካል አካባቢ ነው፣ ተነከረም አልተነከረም፣ ኤስ355 ሆነም ኤስ690 ሆነም። ሂት ትሪትመንት አቶሞቹ እርስ በርስ የሚሳሳቡበትን ኃይል አይለውጥም። የሚለውጠው በቋሚነት የሚታጠፍበትን መጠን ነው። ጠንካራው ብረት ብዙ ጎብጦም ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ለስላሳው ቶሎ ተጣሞ ይቀራል፤ በዚያው ጭነት የሚጎብጡት ግን እኩል ነው። ጉብጠት የምትቀንሰው በቅርጽ ነው። አንድ ላሜራ ለብቻው ሲታጠፍ ግትርነቱ ከውፍረቱ ሦስተኛ ኃይል ጋር ነው የሚሄደው፣ 20ውን 25 ብታደርገው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ያንተ ሳጥን ስለሆነ የሳጥኑን ቁመት መጨመር ከሁሉም የበለጠ ይረዳሃል።

350 ያልከው ደግሞ በትክክል የማይነካው ቦታ ነው፣ ጥሩ አድርገህ ጠየቅክ። ሁሉም ሰው ሙቀት በጨመረ ቁጥር ታፍነስ ቀጥ ብሎ የሚጨምር ይመስለዋል። አይደለም። ከ250 እስከ 400 ዲግሪ ባለው መሃል ብዙ ብረቶች ታፍነሳቸው መልሶ ይወርዳል። ካርባይዱ በቀጭኑ እንደ ንጣፍ ሆኖ በማርቴንሳይቱ ድንበሮች ላይ ይቀመጣል፣ ስንጥቅም መንገድ ያገኛል። ስለዚህ ሰዎች ወይ ከ250 በታች ይቆያሉ ወይ ዘለው ከ500 በላይ ይሄዳሉ።

ሌላም አለ። ከ375 እስከ 575 ባለው ክልል ውስጥ ረጅም ጊዜ የቆየ ወይም በዚያ ውስጥ ቀስ ብሎ ያለፈ ብረት ሊደርቅ ይችላል። ፎስፎረስ፣ ቆርቆሮ፣ አንቲሞኒና አርሰኒክ ቀስ በቀስ ተጉዘው የቅንጣት ድንበር ላይ ይከማቻሉ፣ ብረቱ ሲመታ በድንበሮቹ በኩል ይለያያል። ይሄኛው ክሮሚየምና ኒኬል ባላቸው ቅይጥ ብረቶች ላይ ነው ጎልቶ የሚታየው። ሃርድነሱም የመሳብ ፍተሻውም ያው ነው፣ ምንም አይታይም፣ ቻርፒ እህታችን ያለችው በትክክል ይሄን ነው። ደግነቱ ይሄኛው ይመለሳል፤ ከ600 በላይ አድርሰህ ቶሎ ብታቀዘቅዘው ይድናል። ግማሽ በመቶ ገደማ ሞሊብዲነም ያለው ብረትም በጣም ይቋቋመዋል። ወፍራም ላሜራ ከቴምፐር ሲወጣ በምድጃው ውስጥ አትተወው የምንለው ለዚህ ነው።

ሞረድ፦

ይሄ የ350ው ነገር ለኔም ትምህርት ሆኖኛል። እኔ ጋ ሰማያዊ ቀለም እስኪያወጣ የሚያሞቁት ልጆች አሉ፣ "ሰማያዊው ጥሩ ነው፣ አይሰበርም" እያሉ። ሰማያዊ ማለት 300 አካባቢ ነው አይደል? ታዲያ ስፕሪንግ ሁሉ ሰማያዊ ነው እኮ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ልጨምር። እነዚህ ለድንጋይና ለአሸዋ የሚሆኑት ሃርዶክስ የሚባሉት ላሜራዎች 400 ብሪኔል ናቸው ይባላል። ያ ሁሉ ድርቀት እያለ እንዴት ነው ሲመቱ የማይሰነጠቁት? ትራፓኖ እንኳ በመከራ ነው የሚገባቸው።

ምድጃ ዳር፦

አዎ፣ ሰማያዊው 300 አካባቢ ነው። ግን ቀለሙ የላይኛው ኦክሳይድ ውፍረት ነው፣ በሙቀቱም በቆየበት ጊዜም ይለወጣል፣ ስለዚህ ለቀጭን ምላጭ መመሪያ ይሆናል እንጂ ለወፍራም ነገር አይታመንም። ስፕሪንግ ላይ የሚፈለገው ብዙ ታጥፎ መመለስ ነው፣ በጠርዝ ባለው ቆረጣ ላይ በብርድ መመታት አይደለም። ደግሞ ብዙ የስፕሪንግ ብረቶች ሲሊከን ይጨመርባቸዋል፣ ሲሊከን ያን የካርባይድ ንጣፍ ያዘገየዋል፣ አደገኛው ክልል ወደ ላይ ይገፋል።

የሃርዶክሱ ጥያቄህ ደግሞ ቆንጆ ነው። መልሱ ካርቦኑ ላይ ነው። 0.2 በመቶም የማይሞላ ካርቦን ያለው ማርቴንሳይት 0.6 በመቶ ካለው ጋር ስሙ እንጂ ጠባዩ አንድ አይደለም። ካርቦኑ ትንሽ ሲሆን ክሪስታሉ ብዙም አይዛባም፣ እየቀዘቀዘ ሳለም ራሱን በራሱ ትንሽ ቴምፐር ያደርጋል። ካርቦኑ 0.2 በመቶ ከሆነ ሙሉ ማርቴንሳይት ቢሆን እንኳ ሮክዌል ሲ በሚባለው የሃርድነስ መለኪያ 45 አካባቢ ነው፣ 0.4 ሲሆን 55ን ያልፋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ተሰባሪነቱ የሚበረታው። ለዚህ ነው ሃርዶክስ 400 ዓይነት ላሜራ ከባድ ቴምፐር ሳይደረግ የሚሠራው። ብረቱም በጣም ንጹሕ ነው፣ ድኙና ፎስፎረሱ ዝቅ ተደርጎ፣ ቅንጣቱ ደቆ የተሠራ። ግን ከባድ ቴምፐር ስላልተደረገ ከ250 ዲግሪ በላይ ካሞቅኸው ሃርድነሱን ማጣት ይጀምራል። በግራይንደር አንድ ቦታ ላይ ተጭነህ ስታቆይ፣ ወይም ትንሽ ቁራጭ በጋዝ ስትቆርጥ፣ ዳሩ ይለሰልሳል። ለመበላት መቋቋሚያ ነው የተሠራው፣ ለክንድ መሥሪያ አይሁን።

የዲዛይን ልጅ፦

እሺ፣ ነገሩ አሁን ተያያዘልኝ። ስለዚህ ሁለት ምርጫ አለኝ። ወይ ኤስ690ኪውኤሉ እስኪመጣ መጠበቅ፣ ወይ ኤስ355ጄ2ን አወፍሬ የሳጥኑን ቁመት ጨምሬ ስዕሉን እንደገና ማስላት። ክብደቱ ትንሽ ቢጨምር ማሽኑ ይሸከመዋል። ሁለተኛውን ብሄድበት የማይታየኝ አደጋ አለ?

ቻርፒ፦

ሁለተኛው ጥሩ ነው፣ እንዲያውም ሌላ ምክንያት ልጨምርልህ። ክንዱ በሕይወት ዘመኑ ብዙ ጊዜ ይጫናል፣ ይራገፋል። በብየዳ የተሠራ ነገር በድካም፣ ማለትም ጭነቱ ስለተደጋገመበት፣ የሚሰነጠቀው ከብየዳው ዳር ነው፣ እዚያ ላይ ያለው ዕድሜ ደግሞ በላሜራው ጥንካሬ ብዙም አይለወጥም። ስንጥቁ የሚነሳው ከብየዳው ጠርዝ ጥቃቅን እንከኖች ነው፣ 690ም ሆነ 355 ለእሱ ልዩነት የለውም። ኤስ690 የምትጠቀመው ላሜራውን ለማሳሳት ከሆነ በሚሊ ሜትር ካሬ የሚደርሰው ውጥረት ይጨምራል፣ በድካም ቶሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ስዕሉ ላይ 690 ለምን እንደተመረጠ መጀመሪያ ጠይቅ። ለክብደት ከሆነና ክብደቱ ካላስጨነቀህ 355ቱ አያሳፍርህም።

የማይታይህ አደጋ ያልከው ግን አለ፣ ውፍረቱ ራሱ ነው። ወፍራም ላሜራ ውስጥ ስንጥቅ ጫፍ ላይ ያለው ብረት ወደ ጎን መሳሳት አይችልም፣ ዙሪያው ይይዘዋል፣ ስለዚህ በቀጭኑ የሚታጠፈው ያው ብረት በወፍራሙ ሊሰነጠቅ ይችላል። ዩሮኮድ 3 ክፍል 1-10 ላይ ለዚህ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ አለ። የብረቱን ደረጃ፣ ዝቅተኛውን ሙቀትና የውጥረቱን መጠን ይዘህ ስትገባ የሚፈቀደውን ትልቁን ውፍረት ይሰጥሃል። የተጻፈው ለሕንጻና ለድልድይ ብረት ነው፣ ድንገተኛ ምት ሲኖር ደግሞ ሙቀቱ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚነበበው፤ የአንተ ማሽን የራሱ ስታንዳርድ ካለው እሱ ይቅደም። 25 ላይ የምትጨነቅ አይመስለኝም፣ 40 ወይም 50 ለማድረግ ካሰብክ ግን ከጄ2 ይልቅ ኖርማላይዝድ የሆነውን ኤስ355ኤንኤል ጠይቅ፣ እሱ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ላይ የተፈተሸ ነው።

በያጁ፦

ከእሷ ቃል ላይ ለመጨመር ያህል፣ ከወፈረ ቀድሞ ማሞቂያውን እንደገና አስላ፣ የ20ውን ቁጥር ይዘህ 40ው ላይ እንዳትሄድ። የብየዳውን ጠርዝ ደግሞ በግራይንደር ለስለስ አድርገህ ከላሜራው ጋር አስማማው፣ ስትፈጭ መስመሩ በጭነቱ አቅጣጫ ይሁን፣ ተሻጋሪ ጭረት አትተው።